መሐል ከተማ ስለተዘጋው አሮጌ ሕንፃ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሱቄ ከሕንፃው ፊት ለፊት ነው። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ። ደንበኛ ወረፋ ሲጠብቅ ዓይኑ ሌላ የሚያርፍበት ስለሌለው ሕንፃውን ያያል፣ ሕንፃውን ካየ ደግሞ እኔን ይጠይቀኛል፣ እኔም በቀን አሥር ጊዜ ያንኑ መልስ እሰጣለሁ። ደከመኝ። ስለዚህ ጻፍኩት። ከእንግዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህን ስልኩ ላይ እልክለታለሁ።

የከተማዋን ስም አልጽፍም። ሰሜን ሸዋ ናት፣ ደጋ ናት፣ ያወቀ ያውቃታል። ያላወቀ የራሱን ከተማ ያስብ፤ እንዲህ ያለ ቤት የሌለበት ከተማ ካለ ይንገረኝ።

መቼ ነው የሚያልቀው?

ኧረ መጀመሪያ ይጀመር! እስካሁን የተሠራው ሦስት ነገር ነው። የቆርቆሮ አጥር፣ አጥሩ ላይ የተሰቀለ ባነር፣ ከጓሮ የተቆፈረ አንድ ጉድጓድ። ጉድጓዱ ክረምት ላይ ውሃ ይይዛል፣ የሰፈር ልጆች ድንጋይ ይወረውሩበታል።

ባነሩን ግን ቀረብ ብላችሁ አይታችሁታል? ባለ መስታወት ሕንፃ አለ። ከፊቱ ዘንባባ አለ። ከዘንባባው ሥር አጭር እጅጌ የለበሱ ሰዎች አይስክሬም ይዘው ይሄዳሉ። በጥቅምት ውርጭ ጋቢ ደርበን በምንሄድበት ከተማ! ኮምፒውተር ላይ የሠራው ልጅ አንድ ሌሊት እዚህ አድሮ ቢሆን ቢያንስ ጃኬት ያለብሳቸው ነበር። አሁንማ ፀሐይ ቀለሙን በልታው ሰዎቹ ነጫጭ ጥላ ሆነዋል። ዘንባባው ብቻ ትንሽ አረንጓዴ ቀርቶታል።

የጣሊያን ሕንፃ ነው አይደል?

አይደለም። እኛ ጋ ከጥርብ ድንጋይ የተሠራ ነገር ሁሉ የጣሊያን ነው ይባላል። ጣሊያን የቆየው አምስት ዓመት ነው፣ ያንንም ጊዜ አርበኞቻችን ሲያዋክቡት ነው ያሳለፈው። የእውነት የጣሊያንን ሥራ ማየት የፈለገ ጣርማ በር ይሂድ፤ ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ የምናልፍበት የመኪና ዋሻ የነሱ ነው። ይሄኛው ግን ከነጻነት በኋላ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ለቢሮ ተብሎ የተሠራ ነው። ድንጋዩን የጠረቡት የዚሁ አገር ሰዎች ናቸው። ከመንገዱ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ፣ ወገብ ከፍታ አካባቢ፣ የብረት ቀለበት አለ። አባቴ ግብር ሊከፍል ሲመጣ በቅሎውን እዚያ ነበር የሚያስረው። ቀለበቱ አሁንም አለ፣ ሂዱና እዩት። አጥሩ ስለሸፈነው ግን በቀዳዳው አጮልቃችሁ ነው የምታዩት።

የማን ነው?

ይሄ ረጅም ነው፣ ቁጭ በሉ።

መጀመሪያ የአንድ ባለጸጋ ነበር። አሠሩትና ለመንግሥት መሥሪያ ቤት አከራዩት። ሐምሌ 1967 ላይ አዋጅ ቁጥር 47 ወጣና የከተማ ቦታ በሙሉ፣ ትርፍ ቤትም ጭምር፣ የመንግሥት ሆነ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩትን ቤቶች ቀበሌ ተረከበ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ወደ ኪራይ ቤቶች ሄዱ። ዛሬ የቀበሌ ቤት የምንለው ነገር የመጣው ከዚያ ነው። ይሄኛው ትልቅ ስለሆነ ወደ ቀበሌ አልወረደም። አንዱ ቢሮ ሲወጣ ሌላው እየገባ፣ ግድግዳው በየዘመኑ አንድ አንድ ቀለም እየተደረበበት ቆየ። አንድ ጥግ ላይ ቢፋቅ ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው ሥር ክሬም፣ ከክሬሙ ሥር ደግሞ ኖራ ታገኛላችሁ።

የመጨረሻው መሥሪያ ቤት አዲስ ሕንፃ ተሠርቶለት ወጣ። በሩ ተቆለፈ። ትንሽ ቆይቶ ቦታው ለአንድ አልሚ በሊዝ ተላለፈ። መሬቱ እንደ ማንኛውም የከተማ መሬት የመንግሥት ነው፣ የሊዝ መብቱ የአልሚው ነው፣ ድንጋዩ ደግሞ የማን እንደሆነ ደብዳቤዎቹ አይስማሙም። ሦስት ቢሮ ሄዳችሁ ብትጠይቁ ሦስቱም «እኛን አይመለከትም» ሳይሆን «እኛን ብቻ አይመለከትም» ነው የሚሏችሁ። ልዩነቷን ልብ በሉልኝ። የመጀመሪያዋ መልስ ብትሆን ኖሮ የሚመለከተውን እንፈልግ ነበር።

ወራሾቹ መጥተዋል ይባላል። ይመለስላቸዋል?

መጥተዋል። አንድ ጊዜ ሁለት ሴቶችና አንድ ሽማግሌ መጥተው ከአጥሩ ውጪ ቆመው ሲያዩት ነበር፣ እኔ ጋ ገብተውም ወረቀት ኮፒ አድርገዋል። ስለ ወረቀቱ አልጽፍም፣ የደንበኛ ነው።

ሕጉን በተመለከተ ግን ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። በ1967ቱ አዋጅ መሠረት የተወሰደ ቤት እና ከአዋጁ ውጪ፣ በአንድ ካድሬ ቃል ወይም በአንድ ቁራጭ ወረቀት የተወሰደ ቤት አንድ አይደሉም። ለሁለተኛው ዓይነት በ1987 አዋጅ ቁጥር 110 ወጥቶ ማስረጃ ያለው ሰው እንዲመለስለት መጠየቅ ችሎ ነበር። ያኔ ብዙ ሰው ካርኒውን፣ የኪራይ ውሉን፣ የግብር ደረሰኙን ይዞ ተሰለፈ። በአዋጁ የተወሰደው ግን ተወስዷል። ትርፍ ቤት ተብሎ የተመዘገበ ሕንፃ «የአያቴ ነው» በማለት ብቻ አይመለስም። አንጀቴን ይበላኛል፣ ግን እንደዚያ ነው።

ታዲያ ሥራው ለምን ቆመ?

ሁሉም ሰው አንድ ምክንያት ይፈልጋል። ባጃጅ ነጂው «አልሚው ሌባ ነው» ይላል። ጡረተኞቹ «ማዘጋጃ ነው» ይላሉ። አልሚውን አንድ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሰላምታ የሚሰጥ፣ ፊቱ የደከመ ሰው ነው። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ችግሩ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ መምጣቱ ነው።

ገንዘቡን አስቀድሙ። ነሐሴ 2015 ላይ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደበ። የዋጋ ንረቱን ለማብረድ ነበር። ባንክ የሚያበድረው ሲያንሰው ለማን ያስቀድማል? አዲስ አበባ ላለው ላኪ ነው ወይስ ዞን ከተማ ውስጥ ጣራው ያፈሰሰ አሮጌ ቤት ይዞ ለመጣ ሰው? ወረፋው መጨረሻ ላይ ተቀመጠ። በዚያው ሰሞን ክልሉ ውስጥ የጸጥታው ነገር ተበላሸ። መንገድ ሲዘጋ ሲሚንቶ የጫነው መኪና የትም ያድራል፣ ሠራተኛ ቤቱ ይቀራል፣ ተቋራጩ ማሽኑን ጭኖ ይሄዳል።

ሐምሌ 2016 ደግሞ የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ መቶን አለፈ። አሁን ያንን ባነር እንደገና እዩት። መስታወቱ ከውጭ ነው። አልሙኒየሙ ከውጭ ነው። ሊፍቱ ከውጭ ነው። ፌሮው እዚህ ቢቀጠቀጥም ጥሬ ዕቃው ከውጭ ነው። ሰውየው ሒሳቡን የሠራበት ወረቀት በአንድ ክረምት ቆሎ መጠቅለያ ሆነ።

ይሄ ሁሉ ባይኖርስ? ባይኖርም ይቆም ነበር እላለሁ። ምክንያቱም ሁለት ደብዳቤ አለ። አንደኛው «ሕንፃው በቅርስነት የሚታይ ስለሆነ ሳይፈቀድ እንዳይነካ» ይላል። ሁለተኛው በከተማችን ፕላን መሠረት በዋናው መንገድ ዳር ከጂ ፕላስ አራት በታች መሥራት እንደማይቻልና በጊዜው ካልጀመረ ቦታውን እንደሚነጠቅ ያስጠነቅቃል። ሁለቱም ማኅተም አላቸው። ሁለቱም ቀናቸው ይቀራረባል። አንዱ አትንካ ይላል፣ አንዱ አፍርሰህ አራት ፎቅ አቁም ይላል፣ ሁለቱ ቢሮዎች ደግሞ በአንድ ግቢ ውስጥ ናቸው፣ ሻያቸውን የሚጠጡት አንድ ካፌ ነው። የሊዝ አዋጁ፣ ማለትም 721/2004፣ ግንባታ የሚጠናቀቅበትን ጊዜ አስቀምጧል፤ ለአነስተኛ 24 ወር፣ ለመካከለኛ 36፣ ለከፍተኛ 48። ጊዜው ይቆጥራል። እንዳይነካ የተባለውን ሰው «ለምን አልጀመርክም?» ብሎ መቅጣት እግሩን አስሮ ሩጥ እንደማለት ነው።

ለመሆኑ ቅርስ ነው ወይስ አይደለም?

ያረጀ ሁሉ ቅርስ አይደለም፣ ቅርስ የሆነም ሁሉ አይዘጋም። ይህቺን ካያችሁ ግማሹ ጭቅጭቅ ይቀንሳል።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጁ ቁጥር 209/1992 ነው። በኋላ በ2006 የወጣው አዋጅ ቁጥር 839 የባህል ቅርሶችን ብሔራዊና ክልላዊ ብሎ ይከፍላል። እንደኛ ያለው ቢሮ ቢመዘገብ ከላሊበላ ጋር አይሰለፍም፣ የክልል ነገር ነው የሚሆነው። አዋጁ ቅርስ በግለሰብ እጅ ሊኖር እንደሚችል ያውቃል። ባለይዞታው ግን የመጠበቅ ግዴታ አለበት፣ ከማደሱ በፊትም ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ወጪው የራሱ ነው። ከአቅሙ በላይ ሲሆን መንግሥት ከፊሉን በድጎማ ሊሸፍን እንደሚችል ተጽፏል። «ሊሸፍን ይችላል» ማለት «ይሸፍናል» ማለት እንዳልሆነ ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝና እነግራችኋለሁ።

እኛ ጋ የሚታሰበው ግን እንዲህ ነው፤ ቅርስ ከተባለ ተዘጋ፣ ተቆለፈ፣ ዘበኛ ቆመበት፣ አለቀ። ስለዚህ ባለሀብቱ ቅርስ የሚል ቃል ሲሰማ ይሸሻል። ሌሊት ሌሊት ግድግዳ የሚያስነቅልም አለ፤ ይሄኛው አላደረገም፣ እሱን ልመስክርለት።

ማፍረስ አይሻልም? ሥራ ይፈጠራል እኮ።

ወጣቶቹ የሚጠይቁኝ ይሄንን ነው፣ ጥያቄያቸውም ልክ ነው። ሥራ የሌለው ልጅ ድንጋይ እያየ ታሪክ አይበላም።

ግን ፈርሶ ምን ይመጣል? ባዶ ቦታ ነው የሚመጣው። ገንዘቡ የለም ብለናል እኮ። ገንዘብ ሳይኖር የፈረሰ ቦታ ደግሞ ከዚህም ከዚያም ዞን ከተሞች ሞልቷል፤ ጉድጓድና ዝገት የበላው ፌሮ። ያለው ግድግዳ ውፍረቱ አንድ ክንድ ተኩል ነው፣ ዛሬ እንደዚያ ያለ ግንብ ልሥራ የሚል ሰው የድንጋይ ጠራቢውን ዋጋ ሲሰማ ወደ ብሎኬት ይመለሳል። በዚህ ብርድ ብሎኬት ቤት ውስጥ ቢሮ የሠራ ሰው ልዩነቱን በጉልበቱ ያውቀዋል።

ደግሞ አሮጌው ይቁምና ከጓሮ ባለው ባዶ ቦታ ላይ አዲሱ ይነሳ ቢባልስ? ቦታው ሰፊ ነው። ጉድጓዱ እንኳን እዚያው ነው የተቆፈረው። አንድ ስብሰባ ላይ ይህን ያሉ መሐንዲስ ነበሩ፣ ሁሉም ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ፣ ቃለ ጉባኤውን እኔ ነኝ የተየብኩት፣ ከዚያ በኋላ ማንም አላነሳውም።

አሮጌ ሕንፃ ታድሶ የሠራበት አለ?

አለ። አዲስ አበባ ሙዚየም የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል መኖሪያ የነበረ ቤት ነው። ትልቁ ምሳሌ ግን በ1953 የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ነው። እድሳቱ ዓመታት ፈጀ፣ በጥቅምት 2017 ተከፈተ። 150 ካሬ ሜትር የሚሆነውን የመስታወት ሥዕል የሠሩት አፈወርቅ ተክሌ አንኮበር ነው የተወለዱት። የኛ አገር ሰው ሥራ እንዲታደስ ሌላው ሲደክም እኛ እዚህ መስኮት በካርቶን እንሸፍናለን።

በርግጥ የአፍሪካ አዳራሽን ያሳደሰው የተባበሩት መንግሥታት ገንዘብ ነው። ከኛ ጋር አይወዳደርም። እዚህ የሚያስፈልገው ግን እንደዚያ ያለ ገንዘብ አይደለም፣ ወደ እሱ እመጣለሁ።

ውስጡን አይተኸዋል?

አንድ ጊዜ። ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ዘበኛው ጋሼ «ና እስቲ አንተ ማንበብ ትችላለህ» ብለው አስገቡኝ። የሚነበብ ነገር አግኝተው ነበር።

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚመጣው ሽታው ነው። እርጥብ ወረቀትና የእርግብ ኩስ። መሬቱ ጣውላ ነው፤ መሐሉ ላይ ስትረግጡት ይሰምጣል፣ ስለዚህ በግድግዳው ጥግ ጥግ ነው የሚኬደው። ደረጃው ሦስተኛ መርገጫው የለም። ላይ ስትወጡ ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው፤ እንደ ጥንቱ፣ ጨርቅ ወጥረው ቀለም የቀቡት። ከላይ ቆርቆሮው ተነቅሏል። ስምንት ቅጠል ቆርቆሮ የበልጉ ንፋስ ወስዶታል፣ ሁለቱን ጎረቤት ፍየል ቤት ላይ አይቼዋለሁ፣ ስም አልጠራም። በተከፈተው በኩል የገባው ዝናብ አቡጀዲው ላይ ተጠራቅሞ ጨርቁ እንደ እርጉዝ ሆድ ወደ ታች ወርዷል። ጋሼ በእንጨት ጫፍ ነካ አደረጉት። አንድ ባልዲ የሚሞላ ውሃ ጣውላው ላይ ፈሰሰ።

ሊያስነብቡኝ የፈለጉት መዝገብ ነበር። ጠርዙ ሻግቷል። በጥሩ ቁም ጽሕፈት የግብር ከፋዮች ስም ተደርድሯል፣ ከስሙ ጎን ብርና ሳንቲም። የአባቴን ስም ፈለግኩ። የ«አ» ገጾች ተጣብቀው እንደ ሰሌዳ ሆነዋል፣ ብገነጥላቸው ስለሚቀደዱ ተውኳቸው። ጋሼ መዝገቡን ደረቅ ጥግ ላይ አስቀመጡትና በላስቲክ ሸፈኑት።

ግድግዳው ደህና ከሆነ ምን ያስቸኩላል?

እዚህ ጋ ነው እኔ የምጮኸው። ድንጋይ ስታዩት የማይሞት ይመስላል። የድሮ የድንጋይ ግንብ ግን እንደ ዳቦ አንድ ወጥ አይደለም። ከውጪ አንድ ፊት፣ ከውስጥ አንድ ፊት፣ መሐሉ ኮረትና ጭቃ ወይም ኖራ ነው። ጣራው እስካለ ድረስ መሐሉ ደረቅ ነው፣ ደረቅ ከሆነ መቶ ዓመት ይቆማል። ጣራው ሲከፈት ውሃው ከላይ በግንቡ ራስ ይገባል። ጭቃውን ያጥበዋል። ከዚያ ግንቡ ሆዱን ይነፋል። ሆዱን የነፋ ግንብ ደግሞ አንድ ሌሊት ማንንም ሳይጠይቅ ይወርዳል።

በብዙ አገር ክረምት አንድ ነው። እኛ ሰሜን ሸዋዎች በልግም አለን። ከየካቲት ጀምሮ አንድ ዙር፣ ከሰኔ ጀምሮ ሌላ ዙር፣ መሐል ላይ ለመድረቅ ጊዜ የለውም። ከዚያ ጥቅምት ኅዳር ውርጩ ይመጣል፤ ድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ የቀረው ውሃ ሌሊት ይረጋል፣ ሲረጋ ያብጣል፣ ስንጥቁን ይገፋዋል። አንድ ግንበኛ ደግሞ «በሲሚንቶ ልለስነው» አለ። አደራ! የኖራ ግንብ በሲሚንቶ ሲለሰን ውሃው ውስጥ ይታፈናል። ኖራ በኖራ ነው የሚጠገነው። የድሮ ሰዎች ሲሚንቶ ስላጡ ብቻ አይደለም በኖራ የሠሩት።

አንኮበር የሄደ ሰው ያውቃል። ከአሮጌው የምኒልክ ቤተ መንግሥት የተረፈ ነገር ቢኖር የድንጋይ ግንብ ነው፣ አሁን የምናየው ሎጅ አዲስ ነው። እንጨቱና ጣራው ሲሄድ የቀረው እንዴት እንደሚያጥር እዚያ ይታያል።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ አንዲት ናት። የማን ነው፣ ቅርስ ነው፣ አራት ፎቅ ነው የሚለው ክርክር ይቀጥል፣ አምስት ዓመትም ይፍጅ። ግን ስምንት ቅጠል ቆርቆሮና አንድ ኪሎ የቆርቆሮ ሚስማር ይገዛ። ከነ ክዳኑ፣ ከነ አሸንዳው። ይህን ስናገር «ቆርቆሮ መምታት እድሳት ነው፣ እድሳት ደግሞ ፈቃድ ያስፈልገዋል» ያሉኝ ባለሙያ አሉ። እሺ፣ ፈቃዱ ይሰጥ! ቅርስ ነው የሚለው ቢሮ ቅርሱ እንዳይረጥብ ለመፍቀድ ስንት ቀን ይፈጅበታል?

ዘበኛው ውስጥ እሳት ያነዳሉ፣ አደጋ የለውም?

አለው። ጋሼ ከሰላቸውን የሚያቀጣጥሉት በረንዳው ላይ ነው፣ በጣም ሲበርድ ግን ወደ ውስጥ ያስገቡታል። አሮጌ ጣውላ ክብሪት ነው። ጥር 2007 ጣይቱ ሆቴል ላይ የሆነውን ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል። ነግሬያቸዋለሁ። «ታዲያ በውርጩ ልሙት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ሰፈሩ ተዋጥቶ አንድ ብርድ ልብስ ገዛላቸው።

አጥሩ የእግረኛ መንገዱን ለምን በላው?

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እዚህ አጥሩ ነው እኛን የናቀን። ለስድስት ወር ተብሎ ሁለት ሜትር ወደ መንገዱ ወጣ፣ እንደወጣ ቀረ። ተማሪዎች ከሲኖትራክ ጋር እየተጋፉ ነው የሚያልፉት። በረንዳው ሥር ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይሸጡ የነበሩ እትዬ ነበሩ፣ አጥሩ ሲመጣ ተነሱ፣ አሁን ከኔ በር ሥር ነው የሚቀመጡት። እኔ ቆሎ አላጣሁም፣ እሳቸው ግን ዝናብ ሲመጣ መጠለያ የላቸውም። አጥሩን ወደ ግድግዳው ማስጠጋት ሊዝም አዋጅም የማይጠይቅ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ሙስና አለበት?

አይቼ የምመሰክረው የለኝም። ያየ ሰው ይክሰስ። እኔ ጋ መጥቶ በሹክሹክታ መናገሩ ሕንፃውን አያደርቀውም።

ቱሪስት ያመጣል?

አያመጣም። ቱሪስት አንኮበር ነው የሚሄደው፣ ጓሳ ነው የሚሄደው ጭላዳ ለማየት። የቢሮ ሕንፃ ብሎ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነድቶ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም አልፎ እኛ ጋ የሚመጣ ሰው የለም። ቱሪስት ይመጣል እያልን የምንጽፈው ማመልከቻ ነው ሰሚ ያሳጣን።

ታዲያ ምን ቢሆን ይሻላል?

ቢሮ። ለቢሮ ነው የተሠራው። ታች ጠበቃ፣ የሒሳብ ባለሙያ፣ ጽሕፈት ቤት፤ እኔም ኪራዩ ከተስማማኝ እገባለሁ፣ ይሄን አልደብቅም። ላይ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ቢገባ ደስ ይለኛል፤ ግን መጽሐፍ ከባድ ነው፣ የጣውላ ወለል ላይ መደርደሪያ ከመደርደራችሁ በፊት መሐንዲስ ጠይቁ። በሕንፃ አዋጁ፣ 624/2001፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ከፍተኛው ምድብ ውስጥ ነው የሚገባው፣ የባለሙያ ንድፍና ቁጥጥር ይፈልጋል። አካል ጉዳተኛም መግባት መቻል አለበት። አሁን መግቢያው ላይ አምስት ደረጃ አለ፤ አባቴ በመጨረሻ ዘመኑ ግብር የከፈለው እኔ ተሸክሜው ነው። ሽንት ቤት ደግሞ በጓሮ ነበር፣ እሱም ፈርሷል። ይሄ ሁሉ ገንዘብ ነው፣ ግን ቀስ በቀስ፣ ክፍል በክፍል የሚሠራ ገንዘብ ነው። መስታወት ፎቁ ግን አንድ ላይ ካልመጣ አይመጣም።

እኛ ምን እናድርግ?

ቤታችሁ ያለውን ፎቶ አምጡልኝ። የሠርግም ይሁን የመስቀል፣ ከኋላ ሕንፃው ከታየ ይበቃል። መስኮቶቹ እንዴት እንደነበሩ የሚያሳይ አንድም ንድፍ ስለሌለ አዳሽ ቢመጣ የሚያየው የናንተን ፎቶ ነው። እስካሁን አራት ደርሶኛል። አንዱ ላይ ሙሽራው ዓይኑን ጨፍኗል፣ መስኮቱ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስካን አድርጌ ወዲያው እመልሳለሁ።

ከዚያ ፊርማ። ማመልከቻው ተጽፏል፣ አንድ ገጽ ነው። ስለ ባለቤትነቱ ምንም አይልም። ስለ አራት ፎቁም አይልም። ጣራው እንዲሸፈንና አጥሩ ሁለት ሜትር እንዲገባ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ከዚህ በፊት የጻፍነው ሰባት ገጽ ነበር፣ ከአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ነው የጀመረው፣ መዝገብ ቤት ገብቶ አልወጣም።

ማመልከቻው ስንት ነው?

ለዚህኛው አላስከፍልም። ፊርማችሁንና ስልካችሁን ብቻ። ከ6 እስከ 7 ሰዓት ምሳ ነኝ፤ ያኔ ከመጣችሁ ወረቀቱ ከእትዬ ጋር ነው፣ ከቆሎው ጎን፣ በላስቲክ ውስጥ።